የሃርደን ሚል ግድግዳ

ወንድሜ ኦላና መናገር የሚችለው በእጁ ብቻ ነበር። ሲወድህ ጣሪያህን ይጠግንልሃል፣ ክረምት ሳይገባ የመኪናህን ጎማ ይቀይርልሃል። ሲጠላህም ያው እጅ ነው የሚመጣብህ። እናታችን ቶሎ ስለሞተች ያሳደግሁት እኔ ታላቅ እህቱ ጌጤነሽ ነኝ፤ ስለዚህ ደጉንም ክፉውንም የማውራት መብት ካለ የእኔ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች «ትሑቱ ወንድም ኦላና» ሲሉት አፌን በእጄ ይዤ እስቅ ነበር።

ያደግነው ሞጆ፣ ባቡር ጣቢያው ጀርባ ነው። አባታችን የሐዲድ ሠራተኛ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ብሎን ሲያጠብቅ ይውልና ማታ መፍቻውን እንደያዘ ይገባል። ጠጥቶ ከገባ በእጁ ያለው ነገር ሁሉ እኛ ላይ ያርፋል። ኦላና ገና ነፍስ ያላወቀ ልጅ ሳለ በዚያ መፍቻ ክንዱን ሰበረው። ወጌሻ አሰረለት፤ ክንዱ ግን ጠመም ብሎ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ልጁ ያለቀሰበትን ቀን አላስታውስም፤ የተደባደበበትን ቀን ግን ቆጥሬ አልዘልቀውም።

ትምህርት ቤት የአንዱን ጥርስ አወለቀ፣ ገበያ ውስጥ የሌላውን አፍንጫ ሰበረ። ወታደር ቤት ገብቶ ሲመለስ ብሶበት መጣ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ እሱን ግን መከራም አልመከረውም። ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ሲገባ አገሩ ያበርደው ይሆናል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። አሌክሳንድሪያ ጎማ ቤት ተቀጠረ። አንድ ቀን አለቃው ሰው ፊት ቢሰድበው በጎማ መፍቻ ብረት የቢሮውን መስታወት አወረደው። ብረቱ ያረፈው መስታወቱ ላይ እንጂ ሰውዬው ላይ ስላልነበረ ተመስገን አልኩ። ቀጥሎ ሚስቱ ላይ እጁን አነሳ፤ የታች ከንፈሯን ሐኪም ሰፋላት። በማግስቱ ሻንጣዋን ይዛ ሲያትል ወዳለችው እህቷ ስትሄድ ኤርፖርት ያደረስኳት እኔ ራሴ ነኝ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ሳላናግረው ኖርኩ።

ጌታን ያገኘው ብቻውን ከቀረ በኋላ ነው። እውነቱን ለመናገር ልቡ ዳነ፤ እጁ ግን ገና በመዳን ላይ ነበር። እኔ ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ በማይርቅ አዳራሽ እሁድ ከሰዓት የምናመልክ አንድ ጉባኤ ነበርን፤ አዳራሹ የሰው ነበርና ሁልጊዜ ወንበር ስናወጣና ስናስገባ ነበር የምንኖረው። ሽማግሌዎቻችን አንድ ቀን ከሎረል ወዲያ ገጠሩ ውስጥ በርካሽ የሚከራይ ቤት አገኘን አሉ። ሄደን ስናየው ሐዲዱ የተነቀለ ባቡር ጣቢያ ሆኖ አገኘነው። ስሙ ሃርደን ሚል ይባላል። ጣሪያው ተቦዳድሷል፣ ወለሉ የእርግብ ኩስ ነው፣ ትኬት ይሸጥበት የነበረው መስኮት ላይ ሐረግ ወጥቶበታል። ሁላችንም አፍንጫችንን ስንይዝ ኦላና ብቻ ግንቡን በመዳፉ እየደባበሰ ዞረው። የባቡር ሠራተኛ ልጅ አይደል፤ ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ በሠርጉ ቀን እንኳ አላየሁበትም።

ጥገናውን ያለ ደመወዝ ያዘው። ቀን አሌክሳንድሪያ ሌላ ጎማ ቤት ሠርቶ ሲወጣ መጥቶ ጣሪያ ላይ ይወጣል። እዚያ ነው አባባ ዌንዴልን የተዋወቀው። አባባ ዌንዴል ከጣቢያው ፊት ለፊት የሚኖሩ፣ ሰማንያ ያለፋቸው ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። ወንበራቸውን አውጥተው ኦላና ሲሠራ እያዩ ያወራሉ፤ እሱ ደግሞ ሰውን ዝም ብሎ ማዳመጥ ይችልበታል። የጣቢያውን ታሪክ የሰማው ከእሳቸው ነው።

መስመሩ ከዋናው ሐዲድ ተገንጥሎ እስከ ድንጋይ ካባው የሚደርስ አጭር ቅርንጫፍ ነበር። ጠዋት የገበሬውን ወተት ይዞ ይወጣል፣ ከሰዓት ጥርብ ድንጋይ ጭኖ ይወርዳል፤ ከኋላ አንድ የሰው ፉርጎ ይቀጠልለታል። ጣቢያው ራሱ የተገነባው በዚያው ካባ ድንጋይ ነው። ካባው ሰው በላ ነበር። ደማሚት የገነጠለውን፣ ድንጋይ የጨፈለቀውን ሠራተኛ ሁሉ መሳፈሪያው ላይ አስተኝተው ባቡር ይጠብቁለት ነበር። አንዳንዱ ባቡሩ እስኪደርስ በሕይወት አይቆይም። በኋላ ካባውን ውሃ ሞላው፣ ወተቱም በጭነት መኪና መሄድ ጀመረ። ባቡሩ በቀን አንዴ፣ ከዚያ በሳምንት አንዴ ሆነ፤ በመጨረሻም ጭራሽ ቀረ። ሐዲዱን ነቅለው ሸጡት። ጣቢያው መጀመሪያ የከብት መኖ መሸጫ ሆነ፣ ቀጥሎ የማንም አልሆነም።

የተሳፋሪ መጠበቂያው በወፍራም ጣውላ ግድግዳ ለሁለት ተከፍሏል። ሰፊው፣ ምድጃ ያለው፣ የነጮች ነበር። ጠባቡና ብርዳሙ የጥቁሮች ነው። የአባባ ዌንዴል አያት የጣቢያው ሻንጣ ተሸካሚ ነበሩ። አንድ በረዶ የጣለ ጠዋት እርጉዝ ሚስታቸው ባቡር ስትጠብቅ ብርዱ አንቀጠቀጣት። ሰፊው ክፍል ባዶ መስሏቸው ምድጃው አጠገብ አስቀመጧት። የጣቢያው ኃላፊና ከውጭ የገቡ ተሳፋሪዎች ደረሱባቸው። ሰውየውን እግራቸውን ይዘው ጎትተው ግድግዳው ሥር ጣሏቸውና በብረት ዘንግ ተቀባበሏቸው። ሚስታቸው እያየች ነው። ዘንጉ ሰውየውን ሲስት ያረፈበት ቦታ ጣውላው ላይ ተሰርጉዶ ዛሬም ይታያል። ሰውየው አልጋ ላይ ጥቂት ቀን ሰንብተው ሞቱ፤ የተከሰሰም የታሰረም አልነበረም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አባባ ዌንዴል ኦላናን አንድ ነገር ለመኑት፤ እኔ በሕይወት እስካለሁ ያንን ግድግዳ አታፍርሱብኝ አሉት። ሰው እንዲህ ያለ ነገር እዚህ አልተደረገም ሲላቸው የሚያሳዩት ሌላ ነገር የላቸውም። ኦላና በእግዚአብሔር ስም ማለላቸው።

እንግዲህ ይህን ለጉባኤው ቢናገር ምን ነበረበት? እኔ አሁንም የሚያቃጥለኝ ይኸው ነው። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ሀብተማርያም ግድግዳው ይነሳና መድረኩ ይስፋ ብለው ሲያቀርቡ ኦላና «አይሆንም» ብሎ ተቀመጠ። ለምን ቢሉት «አይሆንም አልኩ» አለ። ቦታው ላይ ብዙ ስለ ደከመ የእኔ ነው ማለት ጀመረ ብለው አዘኑበት፤ ከዚያም እንዲፈርስ ተስማሙ። እኔ እንኳ የማለውን ነገር የሰማሁት ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው።

ሥራውን የያዙት ወጣቶቹ ናቸው። መሪያቸው የጋሽ ሀብተማርያም ልጅ ፋኑኤል ነበር፤ እዚሁ አሜሪካ ተወልዶ ያደገ፣ ጊታር የሚጫወት፣ ሰው ሲያይ ጥርሱ የሚቀድም ልጅ። ቅዳሜ ጠዋት መዶሻ ይዘው ገቡ። ኦላና ሲደርስ ግድግዳው ግማሹ ወርዷል፤ ፋኑኤል የቀሩትን ጣውላዎች እየገነጠለ ነበር። ኦላና ተው አለው። ልጁ የጆሮ መሸፈኛውን አነሳና ሳቅ ብሎ «አንክል ኦላና፣ ግድግዳ እኮ ነው» አለው። ኦላና እንደገና ተው አለው። ፋኑኤል ወደ ግድግዳው ዞሮ መዶሻውን አነሳ።

ኦላና ከወለሉ አንድ ጣውላ አንስቶ በሙሉ ኃይሉ አሳረፈበት። ጣውላው ላይ ሚስማር ነበረበት። ልጁ ዞር ሲል ሚስማሩ ግራ ዓይኑን ይዞት ወረደ። ጩኸቱ መንገድ ተሻግሮ አባባ ዌንዴል ቤት ተሰማ። ሌሎቹ ልጆች ኦላና ላይ ተረባርበው ደበደቡት፣ ጎድኑን ረገጡት፤ አንድ ጊዜ እንኳ እጁን አላነሳባቸውም። እኔ ምሳቸውን ይዤ ስደርስ ሸሚዙን አውልቆ የልጁን ፊት ይዞ ተቀምጦ ነበር። ደሙ በጣቶቹ መሐል ይወርዳል። «እትዬ፣ ምን አደረግሁ?» አለኝ። ጥፊ አቀመስኩት።

ዓይኑ አልተረፈም። ኦላና ታስሮ፣ ተከሶ፣ ፍርድ እስኪሰጥ በዋስ ተለቀቀ። ዳኛዋ ወደ ፋኑኤል እንዳይቀርብ፣ እንዳይደውልለት፣ ቤቱ አካባቢ እንዳይደርስ አዘዘች። ጠበቃው ይህን ትእዛዝ ከጣሰ ወዲያው እንደሚታሰርና ግሪን ካርዱም እንደሚያሰጋው ደጋግሞ ነገረው። ኦላና ራሱን ነቀነቀ እንጂ ሐሳቡ ሌላ ጋ ነበር። ከእስር ወጥቶ መጀመሪያ የሄደው አባባ ዌንዴል ዘንድ ነው፤ እሳቸው ግን በሩን አልከፈቱለትም። ከበሩ በስተጀርባ ቆመው «ግድግዳ ጠብቅልኝ አልኩህ እንጂ ሰው ደብድብልኝ አላልኩህም» አሉት። ለተደበደበ ሰው ብሎ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ግድግዳ ሥር ሰው ደብድቧል። ይህን ነገር ሲረዳው የሰውነቱ ቁመት ቀነሰ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ምግብ ተወ። እስሩን አልፈራም፤ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ፋኑኤል ይቅር እንዲለው።

እንደ አባቶቹ ወግ ድንጋይ ተሸክሜ የእነ ፋኑኤል ደጅ እወድቃለሁ አለ። ፓስተራችን ይህ የድሮ ባህል ነው፣ መስቀሉ ይበቃሃል ቢለው «መስቀሉ ለእግዚአብሔር ነው፤ ለጋሽ ሀብተማርያም ድንጋይ ነው የሚገባው» ብሎ መለሰ። አገር ቤት ሳሉ ስንት ደም ያደረቁ፣ ጋሽ ሠረቀብርሃን የሚባሉ አዛውንት አሉን፤ እሳቸውን ለመነ። እኔ የዳኛዋን ትእዛዝ አስታወስኳቸው። ጋሽ ሠረቀብርሃን በትዕግሥት ሰሙኝና «ልጄ፣ ሕጉ የሚከለክለው ሊመታ የሚሄደውን ነው። ሊለምን የሚሄደውን ማን ይከለክላል?» አሉኝ። ሕጉ እንደዚያ እንዳልሆነ ብናገር ሰሚ አጣሁ። ሽማግሌ ይዞ የሚሄድን ሰው የሚያስር መንግሥት ይኖራል ብለው ማመን አቃታቸው።

ጋሽ ሀብተማርያም ነገሩ ሲደርሳቸው አለቀሱ፤ ከዚያ ይምጣ አሉ። አንድ ነገር ግን ቁርጥ አድርገው ተናገሩ። ዓይኑ የልጄ ነው፤ ስለዚህ ድንጋዩን ከጫንቃው የሚያነሳለት ወይም የሚተውበት ልጄ ብቻ ነው አሉ። ለፋኑኤል ግን አልነገሩትም። ቀድሞ ከሰማ እምቢ ይላል፣ ሰውየውን ወድቆ ሲያየው ግን ይራራል ብለው ነው። አባት ናቸው፤ ለልጃቸው ልብ የቀረበ መንገድ ይህ መሰላቸው።

ኦላና ድንጋዩን ከጣቢያው ጀርባ፣ ከድሮው ካባ ከተረፈው ክምር መረጠ። ጋሽ ሠረቀብርሃን ምልክት ነው፣ ትንሽ ይበቃል አሉት። እሱ ግን ትልቁን፣ እኔ ከመሬት ላነቃንቀው የማልችለውን አነሳ። በዚህም እልኸኛ ነበር።

እሁድ ከአምልኮ በኋላ ኦላናንና ጋሽ ሠረቀብርሃንን ይዤ ከአናንዴል ወዲያ ወዳለው የጋሽ ሀብተማርያም ቤት ነዳሁ። እምቢ ብል ሌላ መኪና ይዞ ይሄድ ነበር፤ እኔ ደግሞ ያለ እኔ እንዲሄድ አልፈልግም። ከመኪናው ወርዶ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ ጫነ፣ በሁለት እጁ ደግፎ ጎንበስ እንዳለ ጋራዡ ፊት ድረስ ሄደና ተንበረከከ። ሲሚንቶው ላይ ጉልበቱ ሲያርፍ ድምፁ ተሰማኝ። ጋሽ ሠረቀብርሃን «ቤቶች!» ብለው ተጣሩ። ጋሽ ሀብተማርያም ወጡ፤ ወንድሜን አይተው ልጄን ላምጣ ብለው ተመለሱ።

ልጁ ግን ከፎቅ መስኮት አይቶናል። ያየው ሌላ አይደለም፤ ዓይኑን ያጠፋው ሰው ትልቅ ድንጋይ ይዞ ደጁ መጥቷል። አባቱ ደረጃውን ሳይጨርሱ ፖሊስ ኮል አድርጎ ነበር። የደረሱት ወዲያው ነው፤ በአካባቢው ሳይሆኑ አይቀሩም። ሁለት ወጣት ፖሊሶች ናቸው። ድንጋዩን ጣል እያሉ ይጮሃሉ። ጋሽ ሠረቀብርሃን እጃቸውን ወደ ላይ አድርገው በሌለ እንግሊዝኛቸው «ሶሪ፣ ሂ ኢዝ ሶሪ» ይላሉ። አንደኛው ፖሊስ ወደ ኋላ ገፋቸውና አጥሩ ላይ ወደቁ። ጉንጫቸው ተቧጥጦ ደማ።

እኔም ጮህኩ። «ጣለው! ኦላና፣ ጣለው!»

እሱ ቀና ሳይል «እትዬ፣ እኔ ከጣልኩት ዕርቁ ፈረሰ» አለኝ። «የሚያነሳው ልጁ ነው።»

በሩ ተከፈተና ፋኑኤል ወጣ፤ አንድ ዓይኑ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ኦላና ጎንበስ እንዳለ የልጁን እግር አየ። ልጁ ወደ እሱ አልመጣም፤ ስለዚህ እሱ ወደ ልጁ ሊሄድ ድንጋዩን እንደተሸከመ ተነሳ። አንድ እርምጃ ሄደ፣ ሁለተኛውን ሲያነሳ ፖሊሱ በኤሌክትሪክ መሣሪያው ተኮሰው። ሰውነቱ እንደ ጣውላ ደረቀ። በፊቱ ሲሚንቶው ላይ ተደፋ፣ ድንጋዩም ማጅራቱ ላይ ወረደ። የተሰበረው አጥንት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ፖሊሱን በልቤ ስንት ጊዜ ረግሜዋለሁ፤ ግን ያ ወጣት ፖሊስ ድንጋይ ይዞ የሚገሰግስ ግዙፍ ሰው ነው ያየው፤ ድንጋይ ተሸክሞ የሚለምን ሰው እንዳለ ማን አስተምሮት?

ከሁላችን ቀድሞ የደረሰው ፋኑኤል ነበር። ፖሊሶቹ ተመለስ እያሉት ተንደርድሮ ሄደ፣ በሁለት እጁ ድንጋዩን ከማጅራቱ አነሳና ሣሩ ላይ ወረወረው። ኦላና አፉ ደም ሞልቶት ያቃስታል። ልጁ አጠገቡ ተንበርክኮ አፉን በጣቱ ይጠርግለት ጀመር። ጋሽ ሀብተማርያም ይህን አይተው «ተመስገን፣ ተመስገን» እያሉ መሬት ላይ ተቀመጡ።

ሆስፒታል ሐኪሞቹ ከአንገቱ በታች እንደማይንቀሳቀስ ነገሩን፤ ሳንባውም እየደከመ ነው አሉ። በር ላይ ፖሊስ ተቀምጧል፤ ትእዛዙን ጥሷልና ገና እስረኛ ነው። ኮሪደሩ ላይ ፋኑኤል ቆሞ አገኘሁት። ሽማግሌዎቹ ድንጋዩን አንስቷልና ዕርቁ ተፈጽሟል እያሉ በየቤቱ ደውለው ነበር። ልጁም ይህን ሰምቷል። ፊቱ በንዴት ቀልቶ ነበር።

«አንቲ ጌጤ፣ ፎርጊቭ አላደረኩትም» አለኝ። «መተንፈስ ስላቃተው ነው ያነሳሁት። ማንም ቢሆን አነሳለታለሁ።»

እውነቱን ነው አልኩት። ገባኝም። ዓይኑ የጠፋው እሱ ነው፣ ሳይነግሩት ደጁ የመጡትም እነሱ ናቸው።

ወንድሜ ክፍል ገባሁ። ዓይኑ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ከንፈሩን እያነበብኩ ጠጋ አልኩት። ማን አነሳልኝ ብሎ ጠየቀ። ፋኑኤል ነው አልኩት። በሁለት እጁ? አለ። በሁለት እጁ አልኩት። ወንድሜ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው፤ እንባው ወደ ጆሮው እየወረደ ማጥረግ ስለማይችል እኔ ጠረግሁለት። ሌላ አልጠየቀኝም፤ እኔም ሌላ አልነገርኩትም። በዚያው ሳምንት አረፈ።

ለቀብሩ ጉባኤው ሁሉ መጣ። አባባ ዌንዴልም ሰው ደግፏቸው መጡ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ከመሬት ቀና አላሉም። ሣጥኑ ከወረደ በኋላ ፋኑኤል አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

«ምን አልሽው?» አለኝ።

«ማን አነሳልኝ ብሎ ጠየቀኝ። አንተ እንደሆንክ ነገርኩት።»

«ለምን እንዳነሳሁት ነገርሽው?»

«አልነገርኩትም።»

መንጋጋው ሲንቀሳቀስ አየሁት። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድበኝም አልፈርድበትም ነበር። ዞር አለና አፈር ከሚመልሱት ሰዎች አንዱን አካፋ ነጠቀው። ኮቱን ሳያወልቅ አፈሩን እየዛቀ፣ እያለቀሰ፣ ሣጥኑ ላይ በኃይል ይወረውር ጀመር። አባቱ እጁን ቢይዙት አስለቀቃቸው። ሌሎቹ እየደከማቸው ሲቀያየሩ እሱ ጉድጓዱ ሞልቶ እስኪደላደል ድረስ አካፋውን ለማንም አልሰጠም።